ከፊርማው በፊት፦ ታካሚ የሚደረግለትን አውቆ እንዲወስን እንዴት እናስረዳው?

በስምምነት ቅጽ ላይ የአውራ ጣት አሻራ ማሳረፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ውሳኔው ግን የሚወሰነው እዚያ አይደለም። በሰሜን ሸዋ ሆስፒታሎች ውሳኔ የሚወሰነው ከክፍሉ ውጭ ነው፤ ግቢው ውስጥ ጋቢ ለብሰው በተቀመጡ ዘመዶች መሀል፣ አንዳንዴም ከመሃል ሜዳ ወይም ከአንኮበር በሚደውል ታላቅ ወንድም ምክር። ታካሚው ከሐኪሙ የሰማውን ይዞ ይወጣል፣ ለዘመዶቹ ያወራል፣ እነሱም ይመካከራሉ። የማስረዳት ሥራችን የሚለካው እንግዲህ በዚህ ነው፦ የተናገርነው ነገር ሳይጎድልና ሳይጣመም ግቢው ድረስ ደርሷል ወይ?

መመሪያው የተጻፈው ይህን ሥራ በየቀኑ ለሚሠሩ ነርሶች፣ አዋላጆች፣ ጤና መኮንኖችና የማደንዘዣ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም እንደ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አሥራት ወልደየስ የጤና ሳይንስ ካምፓስ ካሉ ትምህርት ቤቶች ወጥተው ገና ልምምድ ላይ ላሉ ወጣት ሐኪሞች ነው። ታካሚ ወይም አስታማሚ ቢያነበውም አይከፋም፤ ምን መጠየቅ እንደሚገባው ያውቅበታል።

ሕጉን በአጭሩ እንለፈው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 20 ማንም ሰው የሕክምና ምርመራን ወይም ቀዶ ሕክምናን በማንኛውም ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299/2006 ደግሞ ታካሚው ተገቢውን መረጃ አግኝቶ ሳይፈቅድ የጤና አገልግሎት እንዳይሰጠው ያዛል፤ ፈቃድ ለመጠየቅ ጊዜ የማይሰጥ ድንገተኛ አደጋ ሲያጋጥም ነገሩ ይለያል። ዕድሜው 18 ዓመት ላልሞላው ልጅ ወላጅ ወይም አሳዳሪ ይፈቅዳል። ለአካለ መጠን የደረሰች ባለትዳር ሴት ግን ስለ ገዛ አካሏ የምትፈቅደው ራሷ ናት። ባል ካልፈረመ አይሆንም የሚለው የብዙ ዋርዶች ልማድ ከልማድነት አያልፍም።

1. ከመግባታችሁ በፊት እናንተው እወቁት

ማስረዳት በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምናውን የሚሠራው ሰው ግዴታ ነው። ነርስ ወይም ተለማማጅ ሐኪም ቅጽ ይዞ እንዲሄድ ብቻ ከታዘዘ ጉዳዩ ከጅምሩ ተበላሽቷል። የነርሷ ድርሻ ትልቅ ቢሆንም ሌላ ነው፤ ታካሚው የተነገረውን መያዙን ማረጋገጥ፣ ያልያዘውን ለይቶ ለሐኪሙ ማሳወቅ፣ የፈራውን ነገር ማግኘት።

ወደ አልጋው ከመቅረባችሁ በፊት እነዚህን ለራሳችሁ መልሱ። በሽታው ምንድን ነው? የሚደረገው ምንድን ነው፣ በምን ዓይነት ማደንዘዣ? ምን ጥቅም ይጠበቃል? ምን ጉዳት ሊያስከትል ይችላል? ሌላ አማራጭ አለ? ምንም ባይደረግስ? ማን ነው የሚሠራው? የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ትዘለላለች። በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታሎች የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ለዚሁ የሠለጠነ የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ነው፤ በማስተማሪያ ሆስፒታል ደግሞ በልምምድ ላይ ያለ ሐኪም በአስተማሪው እየታየ ሊሠራ ይችላል። ይህን መናገር የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሸሽጎ በኋላ መታወቁ ነው የሚያሳፍረው። ከጥያቄዎቹ አንዱን እንኳ መመለስ ካቃታችሁ ተመለሱና ሠሪውን ጠይቁ።

2. ጊዜውንና ቦታውን ምረጡ

ቀጠሮ ላለው ቀዶ ሕክምና ማስረዳቱ ቢዘገይ ከዋዜማው ማለፍ የለበትም፤ የሚቻል ከሆነ በተመላላሽ ክፍል ቀጠሮው በሚያዝበት ቀን ይሁን። ሰውየው ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል የሚወስደው ጋሪ ላይ ከወጣ በኋላ የሚጠየቅ ፈቃድ ፈቃድ ሊባል አይችልም። የሚያደነዝዝ መድኃኒት የወሰደ፣ ትኩሳት የሚያቃዠው፣ ሕመም የሚያንፈራግጠው ሰውም እንዲሁ፤ መጀመሪያ ሕመሙን አስታግሱለት። ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ። ቆሞ የሚያወራን ነጭ ካፖርት ለባሽ የገጠር ሰው ጥያቄ አይጠይቀውም፤ አጎንብሶ እሺ ይላል።

3. ማን ይስማ?

ዘመድን ከክፍል ማባረር በእኛ አገር አያዋጣም። ምክሩ የእነሱ ነው፣ ማስታመሙም የእነሱ ነው። ነገር ግን ከታካሚው አስቀድሞ ለታላቅ ልጁ መናገርም ልክ አይደለም። ጥያቄውን ለራሳቸው አቅርቡ፦ «እማማ፣ ስለ ሕመምዎ ስንነጋገር ማን አብሮዎት እንዲሆን ይፈልጋሉ?» ከዚያ በፊት ለሁለት ለሦስት ደቂቃ ብቻቸውን አግኙአቸው። ባልዋ ወይም አማትዋ ፊት ትንፍሽ የማትል ሴት ያኔ ትናገራለች።

የሚከብደው «ለአባባ እንዳትነግሩት፣ ይደነግጣል» የሚል ልጅ ሲመጣ ነው። አትቆጡት፤ የሚናገረው ከፍቅር ነው። የፈራው ምን እንደሆነ ጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ የሚፈራው በሽታው ካንሰር መሆኑ ለአባቱ በአንድ ጊዜ እንዳይነገር ነው። ከዚያ አባትየውን፦ «አባባ፣ ስለ ሕመምዎ ሁሉን ልንነግርዎት ይፈልጋሉ ወይስ ለልጅዎ ብንነግረው ይመርጣሉ?» በሉአቸው። «ለልጄ ንገሩት፣ እሱ ያለውን እኔም ብያለሁ» ካሉ ያም የራሳቸው ውሳኔ ነው፤ በካርዱ ላይ ጻፉት። ማወቅ እፈልጋለሁ ካሉ ግን ልጅየው ቢከፋም ይነገራቸዋል።

ቋንቋም አለ። በአጣዬና በሸዋ ሮቢት አካባቢ ኦሮምኛ፣ አርጎብኛ ወይም አፋርኛ የሚናገር ታካሚ በየጊዜው ይመጣል። ገበያ ላይ የሚበቃ አማርኛ ስለ ማደንዘዣ ለመነጋገር ላይበቃ ይችላል። ከሠራተኞች መካከል ቋንቋውን የሚያውቅ ፈልጉ፤ ጠባቂም ቢሆን፣ የጽዳት ሠራተኛም ቢሆን፣ ታካሚው እስከፈቀደ ድረስ። የአሥር ዓመት ልጅ ስለ እናቱ ማኅፀን እንዲያስተረጉም ማድረግ ግን ነውር ነው።

4. ከመናገር በፊት ስሙ

«ስለዚህ ሕመም እስካሁን ምን ነገሩዎት? ሰውስ ምን ይላል?» በሉ። ሁለተኛዋ ጥያቄ ወርቅ ናት። ሰው የራሱን ፍርሃት በራሱ ስም አይናገርም፤ የጎረቤት ነው ብሎ ግን ያወጣዋል።

በከፍተኛ ትኩሳትና በራስ ምታት ለመጣ ወጣት ከወገብ በመርፌ ፈሳሽ ይወሰድለት ሲባል ቤተሰቡ የሚያምጸው በምን ምክንያት እንደሆነ አስቡ። «ወገቡን የተወጋ ሰው ሽባ ይሆናል» ይላሉ። ይህ ከመሬት የተነሣ ወሬ አይደለም። መርፌው የሚታዘዝለት ሰው በአብዛኛው ማጅራት ገትር የተጠረጠረበት፣ ራሱን ሊስት የተቃረበ ነው። እንዲህ ከታመሙት አንዳንዱ ይሞታል፣ አንዳንዱ ጆሮው ይደነቁራል ወይም አካሉ ይዳከማል። መንደሩ ያየው መርፌውንና ከመርፌው በኋላ የመጣውን ነው። ስለዚህ «ውሸት ነው፣ አትፍሩ» ማለት ክርክር ከመክፈት በቀር አይረዳም። ያዩትን እመኑላቸው፤ ምክንያቱን ግን ለዩላቸው።

ቀጥሎ በራሱ በታካሚው ወይም በወንድሙ ጀርባ ላይ በእጃችሁ እያሳያችሁ ተናገሩ። ኅብለ ሰረሰር የሚያልቀው ከእምብርት ከፍታ በላይ ነው፤ መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች፣ የዳሌ አጥንት ከፍታ ላይ ነው። በአዋቂ ሰው አንጎልና ሰረሰር ዙሪያ ያለው ፈሳሽ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ ሰውነት በቀን ወደ 500 ሚሊ ሊትር ያመነጫል። የሚወሰደው ጥቂት ስለሆነ በአንድ ሰዓት አካባቢ ይተካል። ሊያጋጥም የሚችለውንም አትደብቁ፦ ሲወጋ ወደ እግር የሚሮጥ የመንዘር ስሜት ሊኖር ይችላል፤ ሲቀመጡ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚቀል ራስ ምታት ደግሞ ጥቂት በማይባሉ ሰዎች ላይ ይመጣል፣ በአብዛኛው ግን ከሳምንት አያልፍም። መድማትና ቁስል ማመርቀዝ አሉ፤ ግን እጅግ አልፎ አልፎ ነው። በመጨረሻ የመርፌው ጥቅም፦ ትኩሳቱን ያመጣው ተህዋስ የትኛው እንደሆነ ይለያል፣ መድኃኒቱም በግምት መሰጠቱ ይቀራል።

5. በቅደም ተከተል፣ በሰው አማርኛ ንገሩ

ከመሐል አገር የመጡ ትልልቅ ቃላት በክፍሉ ውስጥ ያምራሉ፤ ግቢው ጋ አይደርሱም። ሕዝቡ ኦፕራሲዮን ካለ ኦፕራሲዮን በሉ። እንደ ምሳሌ አንዲት የእንቅርት ታካሚን እንውሰድ፤ በደጋው ብዙ የምናየው ነገር ነውና።

«እትዬ፣ አንገትዎ ላይ ያለው እብጠት እንቅርት ነው። በመርፌ ተወስዶ በታየው ናሙና ላይ ካንሰር አልተገኘም። ነገር ግን አድጎ የአየር ቧንቧዎን እየተጫነ ነው፤ ሲተኙ የሚያፍንዎትም ለዚህ ነው። ያሰብነው እዚህ ጋ፣ በቆዳዎ እጥፋት ላይ በአግድም ቀደን እብጠቱን ማውጣት ነው። ሙሉ ሰመመን ስለሚሰጥዎት አይሰማዎትም። ከተኙ በኋላ በአፍዎ በኩል የመተንፈሻ ቱቦ ይገባል፤ ሲነቁ ጉሮሮዎ ለሁለት ለሦስት ቀን ይከረክርዎታል። ሥራው ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ሲነቁ አንገትዎ ላይ ፋሻ ያገኛሉ፤ ምናልባትም የተጠራቀመ ደም የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ።»

እዚህ ላይ ቁሙ። ጥያቄ ካላቸው ይጠይቁ። ሁሉን በአንድ ትንፋሽ ያወረደ ሰው ያስረዳ ይመስለዋል እንጂ አላስረዳም። ከዚያ ወደ ጉዳቱ ሂዱ።

«ከእንቅርቱ ኋላ የድምፅ ነርቭ ያልፋል። ከተነካ ድምፅ ይጎረናል፤ ብዙውን ጊዜ በሳምንታትና በወራት ይመለሳል፣ ከመቶ ሰው በአንድ ወይም በሁለቱ ላይ ግን እንደጎረነ ሊቀር ይችላል። ከጎኑ ደግሞ ካልሲየምን የሚቆጣጠሩ ምስር የሚያህሉ አራት ዕጢዎች አሉ፤ እነሱ ከተጎዱ ከንፈርና ጣት ይደነዝዛል፣ ክኒን ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ቀን አንገት ውስጥ ደም ሊጠራቀም ይችላል፤ አንገትዎ ካበጠ ወይም ካፈነዎት ሌሊትም ቢሆን ነርሷን ይጥሩ። እንቅርቱ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ዕድሜ ልክዎን በየቀኑ አንድ ክኒን ይውጣሉ።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር በጥድፊያ አትለፉአት። ከወረዳ ከተማ ርቀው ለሚኖሩ ሰው የዕድሜ ልክ ክኒን ከቢላው ይልቅ ሊከብድ ይችላል። ክኒኑ በአቅራቢያቸው ይገኛል ወይ? ዋጋው ስንት ነው? ይህን ሳያውቁ የፈቀዱት ፈቃድ ግማሽ ነው።

አማራጩም ይነገር። እንቅርቱ ትንሽና የማያፍን ቢሆን ኖሮ እየተከታተሉ መቆየት ይቻል ነበር። «አዮዲን ያለው ጨው ብበላስ?» የሚል ጥያቄ በእርግጠኝነት ይመጣል፤ ጨው እንቅርት እንዳይወጣ ይከላከላል፣ አድጎ የከበደውን ግን አያጠፋም። አንገታቸውን የተነቀሱ እናቶች ደግሞ ስፌቱ ንቅሳቱን ያበላሸው እንደሆነ ይጠይቃሉ። የሚያስቅ ጥያቄ አይደለም፤ ቅዱ የት ላይ እንደሚያልፍ በጣታችሁ አሳዩአቸው።

ስለ ቁጥር አንድ ነገር። ፐርሰንት አትጥቀሱ፤ «እምብዛም አያጋጥምም» የሚለውም ለሰሚው ምንም አይለካለትም። በደጋው ባቄላ የማይገኝበት ቤት የለምና መቶ ፍሬ ባቄላ በላስቲክ ከረጢት ቋጥራችሁ፣ ጥቂቱን በማርከር አጥቁራችሁ፣ በዴስክ መሳቢያ አስቀምጡ። ሁለት ጥቁር ከዘጠና ስምንት ነጭ ጋር ዘርግታችሁ «እንደ እርስዎ ያሉ መቶ ሴቶች ቢሠሩ የሁለቱ ድምፅ እንደጎረነ ሊቀር ይችላል፤ የዘጠና ስምንቱ አይቀርም» ብትሉ ይህ ነገር ግቢው ድረስ ይሄዳል። ሁለቱንም ወገን ተናገሩ፤ የተጎዱትን ብቻ መቁጠር ያስፈራል፣ የዳኑትን ብቻ መቁጠር ያታልላል። የራሳችሁ ሆስፒታል መዝገብ ካለው ከመጽሐፍ ቁጥር ይልቅ እሱን ጥቀሱ፤ ታካሚው የሚሠራው እዚህ ነውና።

6. ጉዳቱ ለእሳቸው ምን ማለት እንደሆነ ጠይቁ

«እናንተ ታውቃላችሁ» የሚል ታካሚ ሁሌም አለ። ይህን ሰምቶ ቅጹን ማቅረብ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ሥራው የሚጀመረው እዚያ ላይ ነው ባይ ነኝ። አጠቃላይ ጥያቄ ትታችሁ ኑሯቸውን ጠይቁ። ያው የአንድ ሁለት በመቶ የድምፅ አደጋ ለገበሬው ትንሽ ነገር ነው፤ ማሕሌት ለሚመራ መሪጌታ ወይም መስጊድ ላይ አዛን ለሚያደርግ ሰው ግን ድምፁ እንጀራው ነው። እሱ ትንሽ አፍኖት መኖርን ሊመርጥ ይችላል፣ መብቱም ነው።

የቡአ ኦፕራሲዮንም እንዲሁ። ሥራው ቀላል ነው ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ግን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር ማንሳት አይፈቀድም። ሞፈር መያዝ፣ ነዶ መሸከም፣ ለሴቷም ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ማንሳት አይቻልም ማለት ነው። «እርሻው መቼ ነው? ማን ያርስልዎታል?» ብሎ ያልጠየቀ ሐኪም በሳምንቱ ሞፈር ላይ የተገኘውን ታካሚ አልታዘዘም ብሎ መውቀስ አይገባውም። ቡአው የማይጨናነቅና ሊጠብቅ የሚችል ዓይነት ከሆነ ቀጠሮውን ከእርሻው ወቅት ማሸሽ ይሻላል፤ ሲጠብቁ ግን እብጠቱ አልመለስ ብሎ ከጠነከረ፣ ካመመና ካስመለሰ ወዲያውኑ መምጣት እንዳለባቸው አጥብቃችሁ ንገሩ።

ገንዘብም የዚሁ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምኑን ይሸፍናል? ከውጭ የሚገዛ መድኃኒት አለ? የሪፈር ወረቀቱ በደረጃው ተይዟል? አስታማሚው የት ያድራል? ታምሞ ለመጣ ሰው ያልታሰበ ወጪ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው፤ ደግሞም ብዙዎች ከዋዜማው ሌሊት ተነሥተው የሚጠፉት በገንዘብ ምክንያት ነው፣ ለማንም ሳይናገሩ።

7. መልሰው እንዲነግሯችሁ አድርጉ

«ገባዎት?» ብላችሁ አትጠይቁ። ለትልቅ ሰው አልገባኝም ማለት ያሳፍራል፤ መልሱ ምንጊዜም «አዎ» ነው። ሸክሙን በራሳችሁ ላይ አድርጉት፦ «እኔ በደንብ ማስረዳቴን ማወቅ እፈልጋለሁ። ውጭ ለሚጠብቅዎት ለወንድምዎ ምን ብለው ይነግሩታል?» ከዚያ ዝም በሉ። ዝምታው ረዘም ቢልም አትሙሉት።

መልሳቸው ውስጥ አራት ነገር ፈልጉ፦ ምን እንዳመማቸው፣ ምን እንደሚደረግላቸው፣ ምን ሊጎዳቸው እንደሚችል፣ ባይደረግ ምን እንደሚሆን። የጎደለውን ብቻ በሌላ አነጋገር ድገሙ፤ ሁሉን ከመጀመሪያው ማንበልበል ያደክማል። ሁለት ጊዜ ደግማችሁም ካልተያዘ ስዕል ሳሉ፣ ወይም ሌላ ባልደረባ ይሞክር።

የተሻለው መንገድ ዘመዶቹን ማስገባትና ታካሚው ራሱ እንዲነግራቸው ማድረግ ነው። እናንተ በጎን ቁሙ፤ ሲሳሳቱ ብቻ ጣልቃ ግቡ። አሥር ደቂቃ ይፈጃል። በዚያች አሥር ደቂቃ ግን ግቢው ውስጥ ሊጣመም የነበረው ነገር ዓይናችሁ እያየ ይስተካከላል፤ በስልክ የሚደውለውም ታላቅ ወንድም ድምፁ በማጉያ ይሰማ።

8. ጾም፣ ሰዓት፣ ጠበል

እነዚህ ሦስቱ የብዙ ቀዶ ሕክምና መሰረዣ ምክንያቶች ስለሆኑ በግልጽ ይነገሩ። «ጾመው ይምጡ» ብላችሁ ብታበቁ፣ በዐቢይ ጾም የመጣ ሰው ሽሮ በልቶ ይቀርባል፤ ጾሟልና። «ከ6 ሰዓት በኋላ አይብሉ» ብትሉ የቀኑ ይሁን የሌሊቱ አይታወቅም። እንዲህ በሉ፦ «ዛሬ ማታ ቀለል ያለ እራት ይብሉ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ግን እንጀራ፣ ቆሎ፣ ወተት፣ አጥሚት፣ ጠላ፣ ምንም እንዳይቀምሱ።» የተለመደው መመዘኛ ለአዋቂ ሰው ከቀላል ምግብ 6 ሰዓት፣ ከቅባታማ 8 ሰዓት፣ ከንጹህ ውኃ 2 ሰዓት መቆየት ነው፤ የማደንዘዣ ባለሙያችሁ የወሰነውን ተከተሉ። ምክንያቱንም ጨምሩ፤ ሆድ ውስጥ ያለ ምግብ በሰመመን ጊዜ ወደ ሳንባ ገብቶ ሊገድል ይችላል። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው እንዳይደክመኝ ብሎ አንድ ጉርሻ ይወስዳል።

ጠዋት ጠበል ጠጥቶ የሚመጣ ብዙ ነው፤ «ምንም አልቀመስኩም» ሲል አልዋሸም፣ ጠበልን እንደ መጠጥ አይቆጥረውምና። በስሙ ጠይቁት፤ ከዋዜማውም እስከ ስንት ሰዓት መጠጣት እንደሚችል ንገሩት። መቁረብ የሚፈልግ፣ የንስሐ አባቱን ማግኘት የሚፈልግ፣ ዱዓ እንዲደረግለት የሚፈልግ ካለ ከቀጠሮው ጋር አስማሙት። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ለብቻው ይጠየቅ፤ የትኛው በጥቂት ውኃ እንደሚዋጥ፣ የትኛው እንደሚቀር በወረቀት ይጻፍ።

ደም መስጠት ሊያስፈልግ ከቻለ ለብቻው ፈቃድ ጠይቁ፤ በሃይማኖቱ ምክንያት የማይወስድ ሰው ይህን የሚናገረው ቀድማችሁ ከጠየቃችሁት ነው።

9. ጊዜ ከሌለስ?

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ምጥ ላይ ላለች እናት ባቄላ አይዘረጋም። በምጥ መሀል፣ ሕመሙ ፋታ ሲሰጣት፣ ዓይኗን እያያችሁ፦ «እህቴ፣ የልጅሽ የልብ ምት እየደከመ ነው። ቶሎ በኦፕራሲዮን ካልወጣ ልናጣው እንችላለን። ወገብሽ ላይ መርፌ ይሰጥሻል፤ ከወገብ በታች ትደነዝዣለሽ፣ መጎተት ይሰማሻል እንጂ አያምሽም። መድማትና ቁስል ማመርቀዝ ሊያጋጥም ይችላል፣ ደም ልንሰጥሽ እንችላለን። ተስማማሽ?» ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ ይበቃል። ባልየው ከደጅ ከሆነ አንድ ሰው ወጥቶ ይንገረው፤ እሱን እየጠበቁ ግን ልጁን አያጥፉት።

በማግስቱ ተመልሳችሁ በሙሉ አስረዱአት፦ ለምን እንደተደረገ፣ ዳግመኛ መውለድ እንደምትችል፣ የሚቀጥለው ወሊድ ቤት ውስጥ ሳይሆን የግድ ሆስፒታል መሆን እንዳለበት። ማኅፀን ማስቋጠርን የመሰለ ዘላቂ ውሳኔ በምጥ ላይ ላለች ሴት በፍጹም አይቀርብም። በእርግዝና ክትትል ወቅት አስባበት የመጣች ካልሆነች ይቆይ።

10. ቅጹ፣ እምቢታው፣ የዕለቱ ጠዋት

አሁን ቅጹ ይምጣ። በእንግሊዝኛ ከሆነ መስመር በመስመር በአማርኛ አንብቡላቸው፤ ማንበብ ለማይችሉ ሰው የሚያነብና የሚመሰክር ሌላ ሰው ይኑር። በካርዱ ላይ ማን እንዳስረዳ፣ እነማን እንደነበሩና ሰዓቱን ጻፉ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የታካሚውን የራሱን ቃል፦ «አንገቴን ቀደው እብጠቱን ያወጣሉ፣ ድምፄ ሊጎረና ይችላል፣ ክኒን ሁልጊዜ እውጣለሁ፣ ካላወጡት ያፍነኛል ብለዋል»። ይህች መስመር ከአንድ ገጽ ማኅተም የበለጠ ትናገራለች።

እምቢ ካሉ አታኩርፉ። ምክንያቱን በሰላም ጠይቁ። ጠበል ልሞክር ካሉ ጠበሉን ከመድኃኒቱ ጋር አታጣሉት፤ መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ይሂዱ፣ የትኛው ምልክት ሲመጣ ሳያድሩ መመለስ እንዳለባቸው ለአስታማሚው ጭምር ንገሩ፣ ካርዳቸው እንደሚጠብቃቸውም አረጋግጡላቸው። የተቆጣ ሐኪም ትቶ የሄደ ታካሚ ሲብስበትም አይመለስም።

በዕለቱ ጠዋት አንድ ጊዜ እንደገና ጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ዝርዝርም የሚጀምረው በዚሁ ነው፤ ሰመመን ከመሰጠቱ በፊት ታካሚው ማንነቱን፣ የሚሠራበትን ቦታ፣ የሚደረግለትንና ፈቃዱን በአፉ ያረጋግጣል። ቡአው በቀኝ ይሁን በግራ በራሱ እጅ ያሳይ፤ እዚያው ላይ ምልክት አድርጉ። በሩ ጋ ደርሶ «ተውኩት» ያለ ሰው ካለ ጋሪውን አዙሩት። አሻራው ከትናንት ወዲያ አርፏል ብሎ ማስገደድ አይቻልም። ወደ አልጋው ይመለስ፣ ሐኪሙ መጥቶ ያነጋግረው፤ ውሳኔው ከጸና ግን መጀመሪያ ቁርስ ይቅረብለት፣ ከሌሊት ጀምሮ አልበላምና።